ፊደል ከዛፍ ሲረግፍ

አሜሪካ ውስጥ ለሚያድጉ ሕፃናት «ቺካ ቺካ ቡም ቡም» የተባለው የሥዕል መጽሐፍ እንግዳ አይደለም። ቢል ማርቲን ጁኒየርና ጆን አርሻምቦ ጽፈውት፣ ሎይስ ኤለርት ሥዕሉን ሠርታለት በ1989 እ.ኤ.አ. ታተመ። የእንግሊዝኛ ፊደላት ተከታትለው የኮኮናት ዛፍ ላይ ይወጣሉ፤ ዛፉ ይጎብጥና ሁሉም ተደራርበው ይወድቃሉ። ኤለርት የምትታወቀው ወረቀት ቆርጦ በመለጠፍ ስለሆነ መጽሐፏን ያየ ልጅ መቀስ ያምረዋል። መምህራንም ከዚያ ተነስተው የወረቀት ዛፍ ያሠራሉ።

በዋሽንግተን አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የማስተምራቸው ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። የእኛ ፊደል ግን በዚያ ዛፍ ላይ እንዳለ አይሰቀልም። የእንግሊዝኛው 26 ሲሆን እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ነው። የእኛ 33 ዘር በሰባት ሰባት ድምፅ 231 ይሆናል፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ማንጠልጠል ልጁን ማደናገር ነው። ስለዚህ ለአንድ ዘር አንድ ዛፍ፣ ለአንዱ ዛፍ ሰባት ቅጠል እናደርጋለን፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ።

የምጀምረው በ«በ» ነው። ሁለት እግር ያለው ደልዳላ ቅርጽ ስለሆነ ለትንሽ እጅ ይመቻል። ለእያንዳንዱ ልጅ ከወፍራም ወረቀት የተቆረጡ ሰባት «በ» እሰጠዋለሁ። አንዱን ሳይነካ ይተወዋል። በሌላው ቀኝ ወገብ ላይ ቁራጭ ሲለጥፍ «ቡ»፣ ቁራጩን ወደ ቀኝ እግር ጫፍ ሲያወርደው «ቢ»፣ እዚያው ቀለበት ሲያደርግ «ቤ»፣ በግራ ጎን ሲለጥፍ «ብ» ይሆንለታል። ለ«ባ» እና ለ«ቦ» ግን ሙጫው ይቀመጥና መቀሱ ይነሳል፤ ግራ እግሩ ሲያጥር «ባ»፣ ቀኙ ሲያጥር «ቦ»። አንዷ ልጅ መቀሱን እንደያዘች «ቲቸር፣ የትኛውን እግር?» ስትለኝ ድምፁን ብቻ አሰማኋት፤ «ቦ»። ቀድማ የሠራችውን «ባ» አየች፣ ወረቀቷን አየች፣ ቀኙን ቆረጠች።

ወረቀቱ አንድ ፊቱ ብቻ ቀለም ያለው ይሁን። «ባ» ሲገለበጥ «ቦ» ይመስላልና፤ ነጩ ወደ ላይ ከዞረ ልጁ ራሱ አይቶ ይመልሰዋል። «ሰ» እና «ከ» ከ«በ» ጋር ስለሚቀራረቡ ቀጥለው ይመጣሉ። «ረ» እና «ፈ» ሁለት እግር ስለሌላቸው ምልክቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለያል፤ እነሱን አዘገያለሁ።

ዛፉ ተሠርቶ ሲያልቅ ዋናው ትምህርት ይጀምራል፤ መርገፉ። ፊደላቱን ቅጠሉ ላይ አናጣብቅም፤ በተሰነጠቀች ቀዳዳ እንሰካቸዋለን፤ ዛፉ ሲነቀነቅ ይረግፋሉ። «በ ቡ ቢ ባ» ብሎ በዜማ የሚያወርድ ልጅ ወለል ላይ ብቻውን የወደቀ «ቤ» ሲያነሳ ዜማው አይረዳውም፤ ቅርጹን ማየት አለበት። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ተማሪው «ሀ ሁ»ን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ ይቆጥራል፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»። ዘሩም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚለወጥ በቃሉ የሸመደደው እዚያ ላይ ይለያል። የወረቀቱ ዛፍ ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ያንኑ ፈተና በጨዋታ ያቀርብለታል።

ወላጆች ቤት ውስጥ ስትሠሩት አትቸኩሉ፤ ለሳምንት አንድ ዛፍ ይበቃል። የልጁንም ሥራ አታቃኑለት፤ የተንጋደደ «ቢ» ቢሆንም ራሱ የሠራውን ያነበዋል። ሁለት ዛፍ ሲኖረው የ«በ»ንና የ«ሰ»ን ፊደላት ቀላቅላችሁ አርግፉለት። «ባ» እና «ሳ»ን ለቅሞ «እግራቸው አንድ ዓይነት ነው» ካላችሁ፣ በማግስቱ «ከ»ን ብቻ ስጡት፤ «ካ»ን ራሱ ቆርጦ ያሳያችኋል።