አደራና ዕቃ አድራሽ

ስለ ዕቃ አድራሽ ድርጅቶች የሚነገረው ውዳሴ ከትልልቅ ከተሞች የሚመነጭ ነው። ገዢው በስልኩ ያዛል፤ ሞተረኛው ደጃፍ ድረስ ያመጣል፤ ርቀት ተሸነፈ ይባላል። ይህን አባባል ገዳሪፍ ወስዶ ለሚመረምረው ግን ብዙው ይፈርሳል።

ገዳሪፍ ከገላባት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከገላባት ወዲያ መተማ ዮሐንስ አለች። በዚህ መንገድ በርበሬና ሽሮ ወደ ምዕራብ፣ ሽቶና ቶብ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ የኖሩት በአብዛኛው በሰው እጅ ነው። ላኪው ቋጠሮውን ለሾፌር ወይም ለመንገደኛ ያስረክባል፤ የተቀባዩ ስምና ሰፈር ይነገራል፤ በመጨረሻም ‹‹አደራ›› ይባላል። ቃሉ ደረሰኝ ባይኖረውም ዘመድና አብሮ አደግ ዋስ ስለሚሆኑት ባዶ አልነበረም። ዕቃው ቢጠፋ ተሸካሚው ከነወገኑ ያፍራል።

ይሁንና አደራን ማሞገስም ልክ አለው። አደራ ለሚተዋወቁ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ያስጠለለው ኡም ራኩባ በኖቬምበር 2020 እንደገና ሲከፈት፣ ወደዚያ የገባው ሰው ወገን ከሌለው ‹‹አደራ›› የሚልለት ከየት ያገኛል? ለእንዲህ ያለው ሰው ስም ሳይጠይቅ የሚያደርስ ድርጅት በእውነት ይሻለው ነበር።

ድርጅቱ ግን አድራሻ ይጠይቃል። ‹‹አድራሻ›› ራሱ ከማድረስ የወጣ ቃል መሆኑ ያስገርማል፤ የሚያደርስ በሌለበት አድራሻ ምንድን ነው? ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ የዘለቀው የኢትዮጵያ ፖስታም ቢሆን ያስለመደው መልእክትን ወደ ቤት ማምጣትን ሳይሆን ሰውን ወደ ፖስታ ሣጥን መጥራትን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ክፍያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 በጸናው የአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት የዓለም አቀፍ ካርድ ግብይት ለሱዳን ነዋሪ በተግባር ዝግ ነበር። ስለዚህ ግብይቱ በፌስቡክና በዋትስአፕ ላይ በቀለ፤ ገንዘቡም ባንካክ በተባለው የባንክ መተግበሪያ ይተላለፍ ጀመር። በፌብሩዋሪ 2024 በአብዛኛው ሱዳን ኔትወርክ ሲቋረጥ ትእዛዙም ክፍያውም በአንድ ጊዜ ቆመ። ኢትዮጵያ በበኩሏ በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥታለች፤ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጀምሯል። አዋጁም ቴሌብሩም ገላባት ሲደርሱ ያበቃሉ፤ በርበሬው ግን ያልፋል።

‹‹ቤት ድረስ›› የሚለው የማስታወቂያ ቃል እዚህ ላይ ባዶነቱ ይታያል። ጦርነቱ በኤፕሪል 2023 ከፈነዳ ወዲህ ገዳሪፍ ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች የተፈናቀሉትን በትምህርት ቤትና በዘመድ ግቢ አስጠልላለች። በአንድ ግቢ አምስት ቤተሰብ ሲያድር የማን ቤት ድረስ ነው? ሞተረኛው ደርሶ የሚጠይቀው ካርታውን አይደለም፤ ጥግ ላይ ሻይና ቡና የምታፈላዋን ሴት ነው። ማን የት እንዳረፈ፣ ማንስ ትናንት እንደሄደ የምታውቀው እርሷ ናት። ተቀባዩ ከሌለም ዕቃው እስኪመለስ ድረስ ከሰኳር ጣሳዋ አጠገብ የሚቀመጠው በእርሷ አደራ ነው።