ሽቅብ የሚፈስ ወንዝ

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛውን የሐረና ደን ካርታ ጠቅልሎ መጣ። «አረንጓዴው ሲያምር! ወረቀቱስ አወያየቡ!» ይለኛል። ወረቀትማ ፀሐይ ላይ ያሰጡት ሁሉ ይወይባል። ስኬሉ 1:50,000 እንደሆነ፣ ኮንቱሮቹ፣ ማለትም የከፍታ መስመሮቹ፣ በየ20 ሜትሩ እንደሚሄዱ ማንም ያነባል፤ አልፈዋለሁ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት የወልመልን ወንዝ ነው።

ኮንቱር ወንዝ ሲሻገር ወደ ምንጩ ይሾላል። ሰማያዊው መስመር በሹሉ ጫፍ ላይ ካላለፈ ወንዙ ሸለቆውን ትቶ ዳገት ይዟል ማለት ነው። ውሃ ዳገት የሚወጣበትን ካርታ በስጦታም አልቀበልም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን መለየት ያስፈልጋል። ቡናማው ኮንቱርና ሰማያዊው ወንዝ የሚታተሙት በየራሳቸው ሰሌዳ ነው። ወንዞቹ ሁሉ እኩል ወደ አንድ ወገን ከተንሸራተቱ ማተሚያው ላይ ሰሌዳው አልገጠመም፤ አንድ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ቢሆንም፣ እያዘንኩ አልፈዋለሁ። አንዱ ብቻ ከሳተ ግን የሣለው እጅ ነው የሳተው። ለዚህ ይቅርታ የለኝም። ደግሞ ዋናውን ወንዝ አይታችሁ አትመኑ። ወልመል ወደ ገናሌ የሚወርደው ወደ ደቡብ ነው፤ ሰሌዳው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ቢንሸራተት ወንዙ እዚያው በራሱ መስመር ላይ ስለሚቆይ እንከኑ አይታይም። የሚያሳብቁት ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚገቡት ገባሮች ናቸው።

ካርታ መሣል ያስተማሩኝ አለቃ ካርታ የሚያዩት ዘቅዝቀው ነበር፤ የቦታ ስም ዓይን ይሰርቃል ባይ ናቸው። መርፌ ያስይዙኝና ከተራራው አናት ላይ «በል፣ አፍስስ» ይሉኛል። መርፌዋ እንደ ውሃ ኮንቱር እየዘለለች መውረድ አለባት። አንድ ቀን ደን መሀል ቀጥ አለች፤ ሰማያዊው ቀጥሏል፣ ሸለቆው ግን የለም።

«የሣልከው መሬቱን ነው የዛፉን አናት?»

መልስ አልነበረኝም። የምንሥልበት የአየር ፎቶግራፍ ጥቅጥቅ ደን ላይ የሚያሳየው ቅጠል ነው፤ ከ20 ሜትር በላይ የቆመ ዛፍ አንድ ሙሉ ኮንቱር ይውጣል፣ ጠባብ ሸለቆም አብሮ ይደፈናል። ያቺን ገባር ሦስት ጊዜ ፍቀው አሠሩኝ። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ እሳቸውም አብረውኝ ጾሙ።

የወዳጄን ካርታ ዘቅዝቄ መርፌ አነሳሁ። ከምዕራብ የምትገባ አንዲት ቀጭን ገባር ከሹሏ ወጥታ ጉብታ ላይ ተኝታለች፤ ሌሎቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ናቸው። በጣቴ አሳየሁት። አየት አደረገና፣ «ፍሬም አዝዤለታለሁ እኮ» አለኝ።