መቶው ፏፏቴና መቶው ክፍል፤ ከቲቮሊ ቪላዎች የተወሰደ ትዝብት

ኢጣሊያን ለመጎብኘት ከምንሄድ ኢትዮጵያውያን መካከል ሁለት ዓይነት ጎብኚ ይታያል። አንደኛው ታሪኩን ከበር ላይ ጥሎ ይገባና ሲያደንቅ፣ ፎቶግራፍ ሲነሳ ውሎ ይወጣል። ሁለተኛው ደግሞ ቂሙን ይዞ ይገባና ዓይኑ እያየ ልቡ ሳያይ ይመለሳል። ይህ ጸሐፊ ሁለቱም የሚያዩት ግማሹን ብቻ ነው ባይ ነው። ለዚህም ምስክር የሚያደርገው ከሮም በስተምሥራቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን የቲቮሊ ከተማንና ሁለቱን ስመ ጥር ቪላዎቿን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቪላዎቹን የጎበኘሁት በሙያው የውኃ መሐንዲስ ከሆነ የረጅም ጊዜ ወዳጄ ጋር በአንድ ቀን ነው። በቅድሚያ የገባነው ቪላ ዴስቴ ነበር። ይህን የአትክልት ስፍራ ያሠራው በ1550 የቲቮሊ ገዥ ሆኖ የተሾመው ካርዲናል ኢፖሊቶ ዴስቴ ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ፒሮ ሊጎሪዮ ነው። ወዳጄን በደስታ ያሰከረው ሐውልቱም አበባውም አልነበረም፤ ፓምፕ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። የአኒዬኔ ወንዝ ከከተማዋ በላይ ተጠልፎ፣ በከተማዋ ሥር በተፈለፈለ ቦይ አልፎ ወደ ገደላማው የአትክልት ስፍራ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የከፍታና የመሬት ስበት ብቻ ነው። ውኃው ወደ ሰማይ ይዘላል፣ በአንደኛው ፏፏቴ ላይ ኦርጋን ያስነፋል፣ «መቶ ፏፏቴ» በተሰኘው ረጅም መንገድ ዳር በሦስት ደረጃ ይንቆረቆራል። «ይህ ሰው ተፈጥሮን አላስገደደም፤ አግባባት እንጂ» አለኝ ወዳጄ። እውነቱን ነው። እንደ ኪነ ሕንጻ ሥራ ከተመዘነ፣ ቪላ ዴስቴ ብልሃቱ ከጌጡ የሚበልጥ፣ ጌጡም ብልሃቱን የማይሸፍንበት ብርቅ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ የአትክልት ስፍራ እንደ መጽሐፍ ይነበባል፤ መጽሐፍ ደግሞ የሚለው ብቻ ሳይሆን የሚደብቀውም አለው። ካርዲናሉ ቦታውን ባዶ ሆኖ አላገኘውም። ቤቶች ፈርሰዋል፣ መሬት ተወስዷል፣ የከተማዋ ነዋሪዎችም ተበደልን ብለው ከስሰውታል። ሥራው ግን አልቆመም። ለጌጥ ያስፈለገውን ሐውልትና እብነ በረድም በብዛት ያስወጣው ከከተማዋ ግርጌ ካለው ከንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን የፈረሰ ቪላ ነበር። ሊጎሪዮ ራሱ በዚያ ፍርስራሽ ቁፋሮ አካሂዷል። እንግዲህ አንዱ ቪላ የቆመው ሌላውን ገፎ ነው ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደዚያው ወደተገፈፈው ቪላ ወረድን። ቪላ አድሪያና ከ118 ገደማ ጀምሮ የተሠራ፣ ቪላ ይባል እንጂ ስፋቱ የከተማ ያህል የሆነ ስፍራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በግዛቱ ሲዘዋወር ያያቸውን አገሮች እዚህ በድንጋይና በውኃ አሳስቧቸዋል። በግብፅ ከተማ ስም «ካኖፐስ» የተባለው ረጅም ገንዳ ዳር እስከ ዛሬ የድንጋይ አዞ ተጋድሟል። እኔን ያቆመኝ ግን ሌላ ነው። «ፔቺሌ» በሚባለው ሰፊ መናፈሻ ሥር «መቶ ክፍሎች» የሚሏቸው፣ በፎቅ የተደራረቡ ጠባብ ክፍሎች አሉ። የአገልጋዮቹ ማደሪያ እንደነበሩ ይታመናል። ጌታው ከላይ በገንዳው ዙሪያ ይንሸራሸራል፤ መናፈሻውን ደግፎ የያዘው የአገልጋዮቹ ግንብ ነው። የምድር ውስጥ መተላለፊያዎችም ስላሉ፣ ጌታው የሚያገለግሉትን ሰዎች ሳያይ መዋል ይችል ነበር።

ጠዋት መቶ ፏፏቴ፣ ከሰዓት መቶ ክፍል። በእኔ ግምት ከሁለቱ እውነተኛው የፈረሰው ነው። ቪላ ዴስቴ ውብ ሆኖ ስለቆየ ምስጢሩን ጠብቋል፤ ቪላ አድሪያና ግን ስለፈረሰ ሆድ ዕቃው ታየ። ወዳጄ በዚህ አልተስማማም። «ካርዲናሉ ደግ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናየው ነገር አይኖርም ነበር። በዳዩም ተበዳዩም ሞተዋል፤ ውኃው ግን ይኸው ይፈስሳል» ሲል ተከራከረኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቪላ ዴስቴ የመንግሥት ንብረት ሆኗልና ዛሬ ትኬት የቆረጠ ሁሉ የሚገባበት፣ በ2001 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስፍራ ነው። የአንድ ሰው ትዕቢት የብዙዎች ደስታ ሆኗል።

ሆኖም «ሁሉም ሞተዋል» የሚለው አባባል ለእኛ አይሠራም። የየወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያንኑ የአኒዬኔን ወንዝ ወደ ላይ ብንከተለው የሚያደርሰን ወደ ፊሌቲኖ ተራሮች ነው። ሮዶልፎ ግራዚያኒ በ1882 የተወለደው በዚያች መንደር ነው። የተቀበረው ደግሞ እዚያው አካባቢ፣ ከሱቢያኮ አጠገብ ባለችው አፊሌ ነው። በ2012 በአፊሌ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ሲቆምለት፣ በላዩ ላይ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላት ተጽፈውበታል። የየካቲት 12ቱንና የደብረ ሊባኖሱን ጭፍጨፋ ያዘዘው ይህ ሰው፣ ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ተፈርዶበት ብዙም ሳይቆይ ተለቀቀ እንጂ፣ በኢትዮጵያ ለፈጸመው ግፍ አንድም ቀን ለፍርድ አልቀረበም።

በቪላ ዴስቴ «ሮሜታ» የምትባል፣ ሮምን በትንሹ የምታሳይ ፏፏቴ አለች። በውስጧ ካለችው የድንጋይ ጀልባ ላይ እንደ ምሰሶ የተተከለው ሐውልት የግብፅን ሐውልቶች አምሳል የያዘ ነው። ጌጥ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን የሌላውን አገር ሐውልት የድል ምልክት ማድረግ በዚያች ጀልባ አላበቃም። በ1937 የአክሱም ሐውልት ሮም ተወስዶ ተተከለ። በ1947ቱ የሰላም ውል ኢጣሊያ በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ፈርማ፣ ሐውልቱ አገሩ የገባው በ2005 ነው፤ ዳግመኛ የቆመውም በ2008። ሐድሪያን የግብፅን አምሳል ሰበሰበ፣ ካርዲናሉ ከሐድሪያን ወሰደ፣ ፋሺስቱ ከአክሱም። የመጨረሻው ብቻ ነው ባለቤቱ በሕይወት ቆይቶ «መልሱልኝ» ያለው።

ታዲያ ይህን የምንለው ጣት ወደ ሌላው ለመቀሰር ብቻ ከሆነ ግማሽ ሥራ ነው። ለመሆኑ እኛስ የጎንደርን ግንቦች ስናስጎበኝ ከነገሥታቱ ስም ሌላ ምን እንናገራለን? ድንጋዩን ስለተሸከመው፣ ኖራውን ስላቦካው ሰው የሚያወሳ አስጎብኚ ስንቶቻችን ገጥሞናል? ከሮም የምንጠይቀውን ሐቀኝነት ከራሳችንም መጠየቅ ካልቻልን ጥያቄያችን ፍትሕ ሳይሆን ቂም ይባላል።

ስለዚህ ወደ ቲቮሊ ለምትሄዱ ወገኖቼ የምለው ይህን ነው። ሂዱ፤ ቦታው በእርግጥ ድንቅ ነው። ግን ሁለቱንም እዩ፣ ቢቻላችሁ በአንድ ቀን። ፏፏቴውን ያየ ሰው ክፍሎቹንም ሳያይ አይመለስ፤ ክፍሎቹን ያየም ለፏፏቴው ብልሃት ምስጋናውን አይንፈግ። ወዳጄና እኔ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ ክርክሩ ግን ከጉብኝቱ የበለጠ ጠቅሞናል።