የቼኮች ዝምታና የታሪክ ጸሐፊው ፍርድ

ቮይቴክ ማስትኒ በ1971 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቼኮች ከ1939 እስከ 1942 በናዚዎች አገዛዝ ሥር የነበሩበትን ሁኔታ የሚመረምር ነው። ንዑስ አርእስቱ ይህን ዘመን የብሔራዊ ተቃውሞ ውድቀት ይለዋል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንጠይቀው፣ «ውድቀት» የተባለው ቃል የሕዝቡን ስሜት በትክክል ይገልጻልን? የሚለውን ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን መልክ እናስታውስ። መጋቢት 15 ቀን 1939 የጀርመን ጦር ፕራግ ገባ፤ በማግሥቱም አገሪቱ የቦሄሚያና የሞራቪያ ፕሮቴክቶራት ተባለች። ፕሬዚዳንት ኤሚል ሃሃና የቼክ መንግሥት በስም እንደ ነበሩ ቀሩ፤ ሥልጣኑ ግን የጀርመኑ ገዥ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት 28፣ በነጻነት በዓል ቀን፣ ሕዝቡ በፕራግ አደባባይ ወጣ። በጥይት የተመታው ተማሪ ያን ኦፕሌታል ከሞተና ከተሸኘ በኋላ፣ ኅዳር 17 ዘጠኝ የተማሪዎች መሪዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ወደ 1,200 የሚጠጉ ተማሪዎችም ወደ ዛክሰንሃውዘን ተጋዙ፤ የቼክ ዩኒቨርሲቲዎችም ተዘጉ። ይህ ቀን እስከ ዛሬ የዓለም ተማሪዎች ቀን ሆኖ ይታሰባል።

በመስከረም 1941 የተሾመው ሃይድሪክ በአንድ እጁ ሰቀለ፤ በሌላው እጁ የሠራተኛውን የስብ ራሽን ጨመረ። ግንቦት 27 ቀን 1942 ጋብቺክና ኩቢሽ የተባሉት ጃንጥላ ወራሪዎች አደጋ ጣሉበት፤ ሰኔ 4 ሞተ። ሰኔ 10 በሊዲትሴ መንደር 173 ወንዶች ተረሸኑ። ሐምሌ 3 ደግሞ እጅግ ብዙ ሕዝብ በፕራግ አደባባይ ተሰብስቦ ለጀርመን ታማኝነቱን ገለጸ። ሒሳቡ እዚህ ላይ ከተዘጋ የጸሐፊው ፍርድ የሚያከራክር አይመስልም።

ነገር ግን አደባባይ የወጣ ሰው ልቡን ይዞ ወጥቷል ማለት አይደለም። ስለ ሕዝቡ ስሜት የተጻፈው ብዙው ማስረጃ የጀርመን የጸጥታ ሠራተኞች ሪፖርት ነው፤ ጆሮ ጠቢ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ደግሞ የሆዱን በሆዱ ይዞ ይናገራል። በ1939 ለተቋቋመው ብሔራዊ ኅብረት ለመግባት መብት ከነበራቸው ወንዶች ሁሉም ለማለት ይቻላል ተመዘገቡ። ከእነዚሁ መካከል ግን የማኅበሩን ዓርማ ገልብጠው አድርገው፣ ፊደሎቹን «ሞት ለጀርመኖች» ብለው የሚያነቡ ነበሩ። መዝገቡ አባል ይላቸዋል፤ ዓርማው ጠላት ይላቸዋል።

ባንዳና አርበኛ የሚሉትን ሁለት ስሞች የለመደ አንባቢ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አሎይስ ኤሊያሽን ከየትኛው ወገን ሊያቆማቸው ይችላል? የጀርመኖችን ትእዛዝ እየፈጸሙ በስውር ለንደን ካለው ከቤኔሽ ወገን ጋር ይገናኙ ነበር፤ በ1941 ሞት ተፈረደባቸው፤ በሰኔ 1942 ተረሸኑ።

ይህን ስንል ዝምታ ሁሉ ተቃውሞ ነበር ማለታችን አይደለም። የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ለጀርመን ሠርተዋል። ወደ 80,000 የሚጠጉ የፕሮቴክቶራቱ አይሁዶች አልቀዋል፤ ለእነርሱ የጎረቤት የልብ ኀዘን ብቻውን ምንም አልጠቀማቸውም። ስለዚህ ዝምታን ሁሉ ጀግንነት የሚያደርግ አስተያየትም እንደ ፊተኛው መመርመር ይገባዋል።

በእኛ አስተያየት ሦስት ነገሮች መለየት አለባቸው፤ ሕዝቡ ያሰበው፣ የሠራውና ከሥራው የተገኘው ውጤት። የማስትኒ ፍርድ ለሦስተኛው ይስማማል፤ ለሁለተኛው በከፊል ይሆናል፤ ለፊተኛው ግን አይበቃም። በ1942 ወድቋል የተባለው ሕዝብ ግንቦት 5 ቀን 1945 በፕራግ ጎዳናዎች ላይ ምሽግ ሠርቶ ተዋግቷል። የጀርመን ኀይል መድከሙ ለዚህ ዋና ምክንያት መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ቀን እስኪያልፍ ተደብቆ የቆየ ስሜት ባይኖር ኖሮ ያን ምሽግ የሚሠራ አይገኝም ነበር።