ድንጋይና ፎቶግራፍ አንሺው

ፎቶግራፍ አንሺ ከሚያነሣቸው ነገሮች ሁሉ ድንጋይ እጅግ የቀለለው ይመስላል። ድንጋይ እንደ ሕፃን አይወራጭም፤ እንደ ሙሽራ «ቆይ፣ ነጠላዬን ላስተካክል» አይልም፤ እንደ ፈረስም አይደነብርም። ሺህ ዓመት ከቆመበት ስፍራ ሳይነቃነቅ ባለ ካሜራውን ይጠብቀዋል። ነገር ግን በየአዳራሹ የሚሰቀሉትን፣ በየቀን መቍጠሪያውና በየፖስታ ካርዱ የሚታተሙትን የሐውልትና የፍርስራሽ ፎቶግራፎች በጥሞና የተመለከተ ሰው፣ ድንጋዩን በእውነት የሚያሳዩት ጥቂቶች መሆናቸውን ይረዳል። የቀሩት የሚያሳዩት ሰማዩን ወይም የአንሺውን ብልኀት ነው። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ መመርመር የዚህ ጽሑፍ አሳብ ነው።

ለምርመራችን መነሻ እንዲሆነን አንድ የቆየ ሥራ እንውሰድ። በ1898 ዓ.ም. (በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1906) አንድ የጀርመን የምርምር ጓድ ወደ አክሱም መጥቶ ነበር። መሪው የቋንቋ ሊቁ ኤኖ ሊትማን ሲሆኑ፣ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የተባሉ የሕንፃ ዐዋቂዎች አብረዋቸው ነበሩ። ፎቶግራፍ የማንሣቱም ሥራ በይበልጥ የፎን ሉፕከ ነበር። የጥናታቸው ውጤት በ1913 በአውሮጳውያን አቆጣጠር በበርሊን ከተማ በአራት ቅጽ ታተመ። እነዚህ ፎቶግራፎች ቀለም የላቸውም፤ ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣው ሥዕል ያለው ድምቀትም የላቸውም። ሆኖም አንድ ሰዓት ቢመለከቷቸው አይሰለቹም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያነሧቸው ሰዎች የሕንፃ ዐዋቂዎች ስለ ነበሩ፣ በድንጋዩ ፊት ቆመው «ይህ ነገር እንዴት ተሠራ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ስለዚህም ሐውልቱን ከነጎረቤቱ፣ ከነአጥሩና ከነጎጆው ያሳዩናል። ከአጠገቡም ብዙ ጊዜ ሰው ቆሟል። የሰውዬው መቆም ለጌጥ እንዳይመስለን። ታላቁ የአክሱም ሐውልት 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት እንዳለው በመጽሐፍ እናነባለን፤ ነገር ግን ቍጥር ለጆሮ ነው። ዓይን የሚረዳው ከተጋደመው ስባሪ ጎን አንድ ሰው ቆሞ፣ ቁመቱ ከድንጋዩ ውፍረት ጋር ሲነጻጸር ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቹ አንሺዎች ሐውልቱን ከመሬቱ ቈርጠው፣ በሰማያዊ ሰማይ ላይ ብቻውን ያቆሙታል። እንዲህ ያለው ሐውልት ሠላሳ ሜትር ይሁን ሦስት ክንድ በምን ይታወቃል?

ሁለተኛው ነገር ብርሃን ነው፤ ይህንንም የምለው በራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በሶዶ አገር ወደሚገኘው የጢያ ትክል ድንጋይ የሄድሁት በቀትር ነበር። በዚያ 36 ሐውልቶች አሉ፤ ከእነርሱም 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ሲሆኑ፣ ሰይፍ፣ ክብ ምልክትና እንደ ቅርንጫፍ የተዘረጋ መስመር ይታይባቸዋል። ፀሐይ በአናቴ ላይ ሳለች አንሥቼ ተመለስሁ። ፎቶግራፉ ሲወጣ ያገኘሁት አመድማ ገበታ ብቻ ሆነ፤ ሰይፎቹ ጠፍተዋል። ሌላ ቀን ወደ ማታ፣ ብርሃኑ በጎን ሲወርድ፣ እዚያው ስፍራ ብቆም እያንዳንዱ ሰይፍ ጥላውን ይዞ ከድንጋዩ ወጣ። ጥልቀት የሌለው ቅርጽ የሚነበበው በጥላው ነው። ድንጋይ አይንቀሳቀስም የምንለው ፀሐይ በላዩ ላይ ስትዞር ቆመን ስላልተመለከትን ነው።

ከአክሱም በስተ ምዕራብ በጎቦ ድራ ኮረብታ በአለት ላይ የተቀረጸችው እንስት አንበሳም እንዲሁ ናት። ርዝመቷ ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ ሆኖም ብርሃኑ ካልተስማማ ሰው አጠገቧ ደርሶ ሳያያት ያልፋል። የአገሩ ሰዎች ግን ቅዱስ ሚካኤል ታግሎ ከአለቱ ጋር ያጣበቃት አንበሳ ናት ብለው ታሪኳን ይነግራሉ። በዚያው ኮረብታ ጥንት ድንጋይ ይፈለጥ ስለ ነበር፣ ጠራቢዎቹ ሽብልቅ የከተቱባቸው ጉድጓዶች ተሰልፈው ይታያሉ። ስንቱ አንሺ ነው አንበሳይቱን አንሥቶ ጉድጓዶቹን የተወው! ሐውልቱ እንዴት እንደ ተወለደ የሚነግሩን ግን እነርሱ ናቸው።

ድንጋይን ማግኘት ሁልጊዜ ወደ ምድረ በዳ መውጣትን አይጠይቅም፤ በአሮጌ ግንብ ውስጥም ከራሱ ከግንቡ የሚበልጥ አሮጌ ድንጋይ ይገኛል። ወደ የሓ የሄደ ሰው ዓይኑ ወዲያው የሚያርፈው ያለ ጭቃና ያለ ኖራ በተጋጠመው በታላቁ ቤተ መቅደስ ላይ ነው። ይሁን እንጂ አጠገቡ ባለው በአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የዋሊያ ምስል የተቀረጸባቸው ጥንታዊ ድንጋዮች ተሰክተው ይታያሉ። ከክርስትና በፊት የተጠረበው ድንጋይ በክርስቲያን እጅ ተነሥቶ፣ ለሌላ አገልግሎት በክብር ተቀመጠ። ዋሊያዎቹን ብቻ አቅርቦ ያነሣ ሰው ጌጥ አገኘ፤ ዋሊያዎቹን ከነግድግዳው ያነሣ ግን ታሪክ አገኘ።

ይህን ሁሉ ማለቴ ስለ ውበት ብቻ አይደለም። የሕንፃ ዐዋቂዎቹ በ1898 ዓ.ም. በአክሱም ታዕካ ማርያም የተባለውን የጥንት ቤተ መንግሥት መሠረት ቈፍረው፣ ለክተው፣ ሥለው ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግን መንገድ ሲወጣበት ፍርስራሹ በአብዛኛው ጠፋ። ዛሬ ያን ቤተ መንግሥት ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደ መጽሐፉ መመለስ ግድ ይሆንበታል። 24 ሜትር የሚሆነው ሁለተኛው ሐውልትም በእነርሱ ዘመን ተሰባብሮ በስፍራው ተጋድሞ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወሰደ፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀርቦ ላየው ስብራቱ የተጋጠመበት መስመር ይታያል። ይህን መስመር በሩቅ ብርሃን አጥፍቶ ሐውልቱን እንከን የለሽ አድርጎ የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ ያማረ ቢሆንም የስደቱን ታሪክ ይሰርዛል።

የጀርመኖቹም ሥራ ጉድለት አለበት። ለልክ ሲሉ ከድንጋዩ ጎን ካቆሟቸው የአክሱም ሰዎች መካከል የብዙዎቹን ስም አናውቅም፤ ድንጋዩ ስም ሲያገኝ ሰውዬው ሜትር ሆኖ ቀርቷል። መጽሐፉም በጀርመንኛ በመጻፉ ለባለቤቱ አገር ልጅ ተዘግቶበት ኖረ። በ1997 በአውሮጳውያን አቆጣጠር በዴቪድ ፊሊፕሰን አዘጋጅነት በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ጋር በኅብረት ቢታተምም፣ እንግሊዝኛ ለማይችለው የመንደር ሽማግሌ ያው ዝግ ነው።

እንግዲህ ካሜራ የጨበጡት ወጣቶቻችን ከቀደሙት ጥንቃቄን ወርሰው ጉድለቱን ቢሞሉ መልካም ነው። ድንጋዩን ከማንሣታቸው በፊት በአካባቢው ያሉትን ሽማግሌ ስሙን ይጠይቁ። አንድ ጊዜ ከሩቅ ከነመሬቱ፣ አንድ ጊዜ ከቅርብ ከነልኩ ያንሡት። ለልክ የቆመውንም ሰው ፈቃዱን ጠይቀው ስሙን ከቀኑ ጋር ይጻፉ። ጥላው እስኪረዝም ከድንጋዩ ሥር ይቀመጡ። በዚህ ሁኔታ የተነሣ ፎቶግራፍ በአዳራሽ ሽልማት ባያገኝ እንኳ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚፈልገው ሰው አያጣም። ድንጋዩ እስከ ነገ ይጠብቀን ይሆናል፤ መንገድ የሚያወጣው ግን አይጠብቀንም።