የኮሳ ጨሌ በሹራብ ላይ

በደቡብ አፍሪቃ በኮሳ ሕዝብ ዘንድ፣ ወጣት ተገርዞ ከጎልማሶች መዓርግ በገባ ጊዜ አሮጌውን ልብስ ትቶ አዲስ እንዲለብስ ሥርዐቱ ስለሚያዝዝ፣ ወላጆችም ለዚሁ ክብር የባዕድ ንድፍ ያለበትን ሹራብ ይገዙ ስለ ነበር፣ ከእናቱ ሹራብ መሥራትን የተማረው ላዱማ ንጎኮሎ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በፖርት ኤልዛቤት ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ከአበው ትውፊት የተቀዳ ሌላ ሹራብ አሰበ። ልብሱን ቀርቦ ላስተዋለው፣ ቀድሞ በጨሌ ይሰካ የነበረው ባለ ማዕዘን ኅብረ ቀለም፣ አንዲት ጨሌ እንኳ ሳትኖርበት፣ በዚያው አገር በሜሪኖ በግ ሱፍና በአንጎራ ፍየል ጠጉር፣ ጫፉ ከጫፍ ገጥሞ ተሠርቶ ይታያል። ስለ መጪው ዘመን አልባሳት ብዙ ከንቱ ሕልም (የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ጭምር) በሚታለምበት ጊዜ፣ የዚህ ሰው አሳብ በእኔ ሚዛን ይልቃል፤ ዋጋው ግን ለብዙ ወላጅ አይቀመስም።