«ሚስት መውረስ» ስለሚለው ስያሜ

የጋብቻና የቤተሰብ ሥርዓትን የሚመለከቱ ጥናቶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚውን ይበልጥ የሚያሳስቱት የለመዳቸው ቃላት ናቸው። እንግዳ ቃል ያስቆመዋል፤ የለመደው ግን ሳያጠያይቅ ያሳልፈዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «ሚስት መውረስ» ወይም «የውርስ ጋብቻ» የተባለውን ስያሜ ሲሆን፣ ለማሳያ የወሰድነውም በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን የሚኖረውን የኑዌር ሕዝብ ልማድ ነው።

ኢቫንስ-ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው የኑዌር ዝምድናና ጋብቻ ጥናት እንዳስረዳው፣ ባል ሲሞት ጋብቻው አይፈርስም። ከብት ተሰጥቶ የተመሠረተው ትዳር የሟቹ ስለሆነ፣ ወንድሙ ከመበለቲቱ ጋር ቢኖር አዲስ ሠርግ አይደገስም፤ የሚወለዱትም ልጆች በሟቹ የዘር ሐረግ ይቆጠራሉ። እንግዲህ ወንድምየው ምን ወረሰ? ሚስቲቱ የሟቹ ሚስት፣ ልጆቹም የሟቹ ልጆች ናቸው፤ እርሱ ምትክ ነው። ወንድም ራሱ ባል የሚሆንበት፣ ልጆቹም የእርሱ የሚባሉበት ልማድ በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ይገኛል፤ «መውረስ» የሚስማማውም ለዚህኛው ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ተከራይንና ገዢን በአንድ ስም እንደ መጥራት ይቆጠራል።

ስያሜው በሴቲቱ ላይ የሚደርሰውን ጫና ስለሚያጋልጥ ሊጠበቅ ይገባል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ክብደቱን አንክድም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻን በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ መሥርቷል። ይሁን እንጂ ቃሉ እውነተኛውን ጫና የሚያሳየው በተሳሳተ ስፍራ ነው። በዚሁ ጥናት እንደተገለጸው የኑዌር መበለት ከባሏ ወገን ተለይታ ከመረጠችው ሰው ጋር ልትኖር ትችላለች፤ ነገር ግን ከዚያ ሰው የምትወልዳቸው ልጆች ሳይቀሩ ለሟቹ ይቆጠራሉ። «ተወረሰች» የሚለውን ያነበበ ዳኛ ተገድዳ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ይህም ተገቢ ነው። የልጆቹን ነገር ግን ላይጠይቅ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ ባለጉዳዮቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ክርክር በባሕላዊ ሕግ እንዲዳኝ በር ስለከፈተ፣ የአስተርጓሚው ቃል የእናትን ዕድል የሚነካ ይሆናል።

በእኛ አስተያየት ለኑዌሩ ልማድ «የምትክ ባልነት» ቢባል፣ «ሚስት መውረስ» ደግሞ ለሁለተኛው ቢቀር ይሻላል። ሳያገባ ለሞተ ሰው ዘመዱ ከብት ሰጥቶ በስሙ ሚስት ሲያገባለትስ? የባዕዱን ቃል ተከትሎ «የመንፈስ ጋብቻ» ማለት አንባቢውን ወደ ዛርና ውቃቢ ይመራዋል። «በሟች ስም የሚፈጸም ጋብቻ» ረዘም ቢልም አያሳስትም።

ስለ ከብቱም አንድ ቃል እንበል። «ጥሎሽ» በብዙ የአማርኛ ተናጋሪ አካባቢ ሙሽራው ለሙሽራይቱ የሚያመጣው ልብስና ጌጥ ነው፤ የኑዌሩ ከብት ግን ለዘመዶቿ የሚከፋፈል፣ የልጆቹንም ወገን የሚወስን ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 34 የምናገኘው «ማጫ» ይበልጥ ይቀርበዋል። «የሙሽራ ዋጋ» የሚለውን አንደግፍም፤ ገበያን ያስባል።

የሚያስቸግረው «አባት» ነው። ሥነ ሰብእ የወለደውንና ልጁ የሚቆጠርለትን በሁለት ቃላት ይለያል። ለመጀመሪያው «ወላጅ አባት» ይበቃል። ለሁለተኛው «የእንጀራ አባት» የሌላ ነገር ስም ነው፤ «ስመ አባት» ያቃልላል፤ «የዘር አባት» ከወላጁ ጋር ይምታታል። ለጊዜው «ሕጋዊ አባት» እንላለን፤ ሆኖም በመንግሥት ሕግና በልማድ ሕግ መካከል ክርክር ሲነሣ የማንኛው ሕግ አባት እንደሆነ ተርጓሚው በየቦታው መግለጽ ይኖርበታል።